በስሜ የታከመው የአጎቴ ልጅ፦ የጤና መድህን፣ አማና እና የሌላ ሰው ሐቅ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም

ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው፤ ሰላትና ሰላም በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በሶሐቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ እህቶችና ወንድሞች፤ የዛሬው ትምህርት ስለ ህክምና ሥነ ምግባር ነው። ይህ ርዕስ ሲነሳ ብዙዎቻችን ቶሎ የምናስበው ሐኪሙን ነው። ሐኪሙ ምስጢር መጠበቅ አለበት፣ ሐኪሙ ማዳላት የለበትም እንላለን። ልክ ነው። ነገር ግን ታካሚውም፣ አስታማሚውም፣ ለህክምናው ገንዘብ የሚያዋጣውም የየራሱ አማና አለበት። እኔ ይህን የተረዳሁት ከራሴ ጥፋት ነው። አላህ የሸፈነውን ጥፋት አውጥቶ ማውራት እንደማይወደድ አውቃለሁ። የእኔን የምነግራችሁ ነገሩ በየቤታችን ስላለና ብዙዎቻችን ጥፋት መሆኑን ስለማናውቅ ነው። የአጎቴንም ልጅ ጠይቄው «ለሰው የሚጠቅም ከሆነ ንገር» ብሎኛል።

የሆነው ነገር

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ቤታችን ገና ካሳንቺስ ሳለ፣ የአጎቴ ልጅ ከወሎ መጣ። በአንድ ዓመት ይበልጠኛል። ሲመጣ በጣም ከስቶ ነበር። ውኃ ጠጥቶ አይረካም፤ ሌሊት ሦስቴ አራቴ ለሽንት ይነሳል። እናቴ ሁለት ቀን አይታው «ይሄ ልጅ ደህና አይደለም፣ ሐኪም ይየው» አለች። በእጃችን ገንዘብ አልነበረም። የማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ደብተር ግን ነበረን። እኔ ከ18 ዓመት በላይ ስለነበርኩ እናቴ ተጨማሪ ከፍላ አስመዝግባኛለች፤ ስሜም ፎቶዬም ደብተሩ ላይ አለ። ፎቶው የቆየ ነው፤ እኔና እሱም እንመሳሰላለን። ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። «የእኔን ስም በል፣ ማን ያውቃል?» አልኩት።

ጤና ጣቢያ አብሬው ሄድኩ። ስሜ ሲጠራ እሱ ተነስቶ ገባ፤ እኔ አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ቀረሁ። ምርመራው የስኳር ህመም ሆነ፤ ኢንሱሊን የሚያስፈልገው ዓይነት። ወደ ሆስፒታል ተላከ፣ መርፌውን መውጋት ተማረ፣ ሦስት ወር ያህል በእኔ ስም ሲከታተል ቆይቶ ፊቱ ሲመለስለት ወደ አገሩ ሸኘነው። ደስ ብሎን ነበር። ሰው አተረፍን አልን።

በዓመቱ እኔ ራሴ አተኮሰኝና እዚያው ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ዶክተሯ ካርዴን ገልጣ «ኢንሱሊንህን በየቀኑ ትወጋለህ?» አለችኝ። ወይ ሌላ ውሸት መጨመር ነበረብኝ፣ ወይ እውነቱን መናገር። ነገርኳት። አልተቆጣችም። እስክሪብቶዋን አስቀመጠችና «አንተ ጋ ያለውን ስህተት ዛሬ እናስተካክለዋለን። እሱስ? የስኳር ህመምተኛ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት በማን ስም ነው የያዘው?» ብላ ጠየቀችኝ።

ማታ ደወልኩለት። ወረቀቱ በእኔ ስም ስለሆነ፣ እንዳይጠየቅበት ሻንጣው ሥር ደብቆታል። ከአዲስ አበባ ይዞት የሄደው መርፌ ሲያልቅበት፣ በአገሩ ሆስፒታል «የት ታከምክ?» እንዳይሉት ፈርቶ ዛሬ ነገ ሲል ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ራሱን ስቶ በሰው ሸክም ገባ። አልሐምዱሊላህ፣ ተረፈ። ለእኛ ግን አልነገረንም ነበር።

እኔ የሰጠሁት ስሜን ብቻ መስሎኝ ነበር። ለካስ የእሱን ታሪክ ወስጄበታለሁ። የህክምና ካርድ ላይ የሚጻፈው ነገር የቀጣዩ ሐኪም ዓይን ነው። ለሐኪም መዋሸት የራስን አካል መበደል ነው፤ አካል ደግሞ የአላህ አማና ነው። አንድ ቀን ገጠር ያሉ ሰዎች ወደ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) መጥተው መታከም አለብን ወይ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ እንዲታከሙ እንዳዘዟቸው፣ አላህም መድኃኒት ያላደረገለት በሽታ እንደሌለ፣ ከእርጅና በስተቀር፣ እንደነገሯቸው አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። እንድንታከም ከታዘዝን ደግሞ ህክምናው በእውነት ላይ እንዲቆም ማድረግም የእኛ ድርሻ ነው።

ገንዘቡ የማን ነው?

«የመንግሥት ነው» እንላለን፤ የመንግሥት ስንል ደግሞ የማንም ያልሆነ ማለታችን ነው። እስኪ ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ እንይ።

ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን በአገራችን በሙከራ የተጀመረው በ2003 ዓ.ም ነው፤ በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች። ኋላ በየክልሉ ተስፋፍቶ አዲስ አበባም ገባ። የታቀደው ቋሚ ደመወዝ ለሌላቸው ቤተሰቦች ነው፦ ለገበሬው፣ ለጉሊት ነጋዴዋ፣ ለቀን ሠራተኛው፣ ለሊስትሮው። ቤተሰብ በዓመት አንዴ መዋጮ ይከፍላል። የሚመዘገበው መላው ቤተሰብ ነው፤ የታመመው ብቻ ቢመዘገብ ኖሮ ገንዘቡ በአጭር ጊዜ ያልቅ ነበር። መክፈል የማይችሉት በየአካባቢያቸው ተለይተው መዋጯቸውን መንግሥት ይከፍልላቸዋል፤ ለጠቅላላው ቋትም ድጎማ ይጨምራል። አባሉ መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፣ ካስፈለገም በሪፈር ወደ ሆስፒታል ይላካል። ጤና ተቋሙ ላከማቸው አባላት ሒሳቡን አዘጋጅቶ ከመድህኑ ይጠይቃል።

ስለዚህ የአጎቴ ልጅ የታከመበት ገንዘብ ውስጥ የሰፈራችን ጉሊት ነጋዴ መዋጮ አለበት። ግብር የሚከፍል ሁሉ ገንዘብ አለበት። ያች ሴት ለዓመቱ መዋጮ ስትል ከስንት ቀን ሽያጭ ላይ እንደቀነሰች አላውቅም። ሳላስፈቅዳት ግን ለዘመዴ ሰጠሁባት።

ከዚህ ውጭ መንግሥት ለሁሉም በነፃ የሚሰጣቸው አገልግሎቶች አሉ፦ ወሊድ፣ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ህክምና የመሳሰሉት። በእኛው በቂርቆስ ክፍለ ከተማ ያለው ዘውዲቱ መታሰቢያ ሆስፒታል የኤችአይቪ መድኃኒት መስጠት ከጀመሩት ቀዳሚዎች አንዱ ነው። መጀመሪያ መድኃኒቱ በክፍያ ነበር፤ መክፈል ያልቻለ እያየ ይሞት ነበር። ከ1997 ዓ.ም ጀምሮ በነፃ መሰጠት ሲጀምር ስንት ቤት እንዳልተዘጋ አላህ ያውቃል። የጋራ ገንዘብ በትክክል ሲውል ይህን ያህል ይሠራል።

ለአገራችን ሰው ይህ ዓይነት መረዳዳት እንግዳ አይደለም። ሀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሀምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። እድር የሌለው ሰፈር የለም፤ ሙስሊም ክርስቲያን ሳይል ድንኳኑ አንድ ነው። ግን አስተውሉ፦ እድራችን የሚደርሰው ሰው ከሞተ በኋላ ነው። ለቀብርና ለለቅሶ በወር በወሩ እናዋጣለን፤ ያው ሰው ታሞ ሳለ ግን ቤተሰቡ ብድር ፍለጋ ይዞራል። ደግሞ እድር ከሰፈር ጋር የታሰረ ነው። ካሳንቺስ በ2017 ዓ.ም ለመልሶ ማልማት ሲነሳ ጎረቤቶቻችን ገላን ጉራና ሌላም ቦታ ተበተኑ፤ የእናቴ እድርም አብሮ ተበተነ። ከአንድ ሰፈር የሰፋ ቋት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ይህ መድህን ይፈቀዳል ወይ?

አንዳንድ ወንድሞች «ኢንሹራንስ ሐራም አይደለም ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። እኔ ተማሪ እንጂ ሙፍቲ አይደለሁም፤ ከኡስታዞቻችን የሰማሁትንና ያነበብኩትን ነው የማካፍላችሁ።

ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1985 እ.ኤ.አ. ጅዳ ላይ ባደረገው ጉባኤ ሁለቱን ለይቷል። የንግድ ኢንሹራንስ፣ ኩባንያው በተወሰነ ክፍያ የሰውን አደጋ ገዝቶ የሚያተርፍበት፣ ከባድ ገረር ማለትም ውጤቱ ያልታወቀ ውል ስላለበት ከልክሏል። በአማራጭነት ያቀረበው ደግሞ በልገሳና በመተጋገዝ ላይ የቆመውን የትብብር መድህን ነው። የእኛ ማህበረሰብ አቀፍ መድህን ትርፍ የሚካፈል ባለአክሲዮን የለውም፤ ሰዎች ያዋጣሉ፣ የታመመው ይታከምበታል፣ ለድሃው መንግሥት ይጨምራል። በአሠራሩ ወደ ሁለተኛው ይቀርባል። የሚጠራጠር ሰው የሚያምናቸውን ዑለማዎች ይጠይቅ።

መሠረቱን ለማየት የአሽዐሪዎችን ሐዲስ አስታውሱ። ቡኻሪና ሙስሊም እንደዘገቡት፣ አሽዐሪዎች በዘመቻ ላይ ስንቃቸው ሲያልቅ ወይም በመዲና የቤተሰባቸው ምግብ ሲያንስ፣ ያላቸውን ሁሉ በአንድ ጨርቅ ላይ ሰብስበው በአንድ መስፈሪያ እኩል ይካፈሉ ነበር። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) እነሱ ከእኔ ናቸው፣ እኔም ከእነሱ ነኝ በሚል ቃል አወድሰዋቸዋል። እነዚህ አሽዐሪዎች ከየመን በመርከብ ሲነሱ ነፋስ ወደ ሐበሻ ጥሏቸው፣ ከጃዕፈር ኢብን አቢ ጧሊብ ጋር እዚሁ ቆይተው ወደ መዲና የሄዱ ናቸው።

እስቲ ልብ በሉ፦ ያን ጨርቅ የዘረጉ ሰዎች መካከል አንዱ እህል ከእጅጌው ሥር ደብቆ ቢሆን ኖሮ፣ ወይም ድርሻውን ወስዶ በሌላ ስም ተመልሶ ቢሰለፍ ኖሮ፣ መስፈሪያው እኩል አይሆንም ነበር።

ከታሪካችን

ከሕዝብ ገንዘብ በሽተኛን ማከም በእስልምና ታሪክ የቆየ ነገር ነው። በኸንደቅ ዘመቻ ሰዕድ ኢብን ሙዓዝ (ረ.ዐ) ሲቆስሉ የታከሙት በሩፈይዳ ድንኳን ነው። ኸሊፋው ወሊድ ኢብን ዐብዱልመሊክ በ88 ዓ.ሂ. ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ቀለብ እንደቆረጡና ለዓይነ ስውራን መሪ እንደመደቡ ታሪክ ጸሐፊዎች ይጠቅሳሉ። ኑረዲን ዘንጊ በ1154 እ.ኤ.አ. ደማስቆ ላይ በወቅፍ የሚተዳደር ሆስፒታል አቋቋሙ። ቀላዉን ገና አሚር ሳሉ ታመው ከዚያ ሆስፒታል በመጣ መድኃኒት እንደዳኑ፣ ሥልጣን ቢይዙም የዚህን ዓይነት ሊሠሩ ስለት እንደገቡ ይነገራል። ሱልጣን ሲሆኑ በ1284 እ.ኤ.አ. በካይሮ ታላቁን የመንሱሪ ሆስፒታል አስገነቡ፤ ለወንድ ለሴት፣ ለሀብታም ለድሃ ክፍት የነበረ።

ዑመር ኢብኑል ኸጧብም (ረ.ዐ) አንድ የሚለምን አይሁዳዊ ሽማግሌ ባገኙ ጊዜ ከበይተል ማል ቀለብ እንዲቆረጥለት ማዘዛቸውን አቡ ዩሱፍ መዝግበዋል። የጋራ ገንዘብ የደካማ ሁሉ ሐቅ ነው፤ ማንነቱ አይጠየቅም። በጤና ጣቢያው ወረፋ ላይ ከፊታችን የቆመችው እናት ማንም ትሁን፣ ሐቋ ከእኛ እኩል ነው።

ሁለት ማመካኛዎች

ስህተቴን ለጓደኞቼ ስነግር ሁለት መልስ አገኘሁ።

የመጀመሪያው «ታዲያ ልጁ ይሙት? ዶሩራ ነው» የሚል ነው። ዶሩራ የተከለከለን ነገር እንደሚያስፈቅድ እውነት ነው። ፊቅህ ግን አብሮ ያስተማረን ሌላ መርህ አለ፤ በኦቶማኖቹ መጀለህ በ33ኛው አንቀጽ የተቀመጠው፦ ችግር የሌላውን ሰው ሐቅ አያጠፋም። በረሃብ ሊሞት ያለ ሰው የሌላውን ዳቦ ቢበላ ኃጢአት የለበትም፤ ዋጋውን ግን ሲችል ይከፍላል። እኛ የበላነውን ለመክፈል አላሰብንም። ደግሞስ ሌላ መንገድ አልነበረም ወይ? ዘመድ አልጠየቅንም፤ መስጂድ ሄደን ለጀማዓው አልነገርንም፤ ጤና ጣቢያው ራሱ ምን ሊያደርግ እንደሚችል እንኳ አልጠየቅንም። ወደ ውሸቱ የሄድነው ቅርብ ስለነበር ነው።

ሁለተኛው መልስ «መንግሥት ራሱ መቼ በአግባቡ ይሠራል? ደብተር ይዘህ ስትሄድ መድኃኒቱ የለም፣ ከውጭ ግዛ ትባላለህ» የሚል ነው። ይህም እውነት አለበት። መዋጮ ከፍሎ መድኃኒት ያጣ ሰው ሐቁ ተነክቷል፤ መጠየቅም መብቱ ነው። የጤና ባለሙያዎችም ሐቅ አላቸው፤ በግንቦት 2017 ዓ.ም በደመወዝና በሥራ ሁኔታ ጥያቄ ሥራ እስከ ማቆም የደረሱ እንደነበሩ ሁላችንም እናስታውሳለን። ነገር ግን የአንዱ ሐቅ መጉደል የሌላውን ሐቅ ለመብላት ፈቃድ አይሆንም። በሌለን ስም የምንወስደው እያንዳንዱ መድኃኒት «የለም» የሚባለውን ቀን ያቀርበዋል። «የለም» የሚባለውም ሚኒስትሩ አይደለም፤ ያቺው ጉሊት ነጋዴ ናት።

ስለ ጉሉል፣ ማለትም ከጋራ ንብረት መስረቅ፣ የመጣው ሐዲስ እዚህ ላይ ያስደነግጣል። ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ያገለግል የነበረው ሚድዐም ከኸይበር መልስ ሳለ ከየት እንደመጣ ባልታወቀ ቀስት ተገደለ። ሰዎች ጀነት ይሁንለት አሉ። ነብዩ ግን ከኸይበር ምርኮ ሳይከፋፈል የወሰዳት ካባ እሳት ሆና እየነደደችበት መሆኑን ተናገሩ። ይህን የሰማ አንድ ሰው ወዲያው አንድ ወይም ሁለት የጫማ ማሰሪያ ይዞ መጣ፤ እሷንም ከእሳት ቆጠሯት። ሐዲሱን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። በመድረሳ ልጅ ሳለሁ ይህን ሐዲስ ስማር የጫማ ማሰሪያው ያስቀኝ ነበር። አሁን አያስቀኝም።

እንዴት መለስነው?

ከእናቴ ጋር ተቀምጠን የሦስቱን ወር የምርመራና የመድኃኒት ዋጋ እየጠየቅን ደመርነው። ገንዘቡን ይዘን የሚመለከተውን ቢሮ ስንጠይቅ፣ ሠራተኛው ግራ ገብቶት «ለዚህ የሚሆን ደረሰኝ የለንም» አለን። ኡስታዝን ስናማክር፣ ገንዘቡ ወደዚያው ቋት የሚገባበትን መንገድ ፈልጉ አሉን። መዋጯቸውን ማደስ ያቃታቸው፣ በድሃነትም ያልተመዘገቡ ቤተሰቦች ነበሩ፤ የእነሱን የዓመት መዋጮ ከፈልን፤ በአንድ ጊዜ ስላልቻልን በሁለት ዓመት። አላህ ይቀበለን። የአጎቴ ልጅም በአገሩ በራሱ ስም ተመዘገበ፤ ዛሬ ደብተሩም ካርዱም የራሱ ነው። የእኔ ካርድ ተዘግቶ አዲስ ተከፈተልኝ።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

አንደኛ፣ ደብተራችንን አናውስ፤ ለቅርብ ዘመድም ቢሆን። የተቸገረ ዘመድ ሲመጣ አብረነው ወደ ካርድ ክፍል እንሂድ፤ በራሱ ስም።

ሁለተኛ፣ ሳይቸግረን የድሃ ደብዳቤ አናጽፍ። የድሆች ኮታ የምትሞላው በስም ነው፤ የእኛ ስም ከገባ የሌላ ሰው ስም ይቀራል። በዘመድ ወረፋ መዝለልም የዚሁ ወንድም ነው።

ሦስተኛ፣ የህክምና፣ የነርሲንግና የፋርማሲ ተማሪ የሆናችሁ፦ ለህክምና ሳይታወቅ ያከመ ሰው ለሚያደርሰው ጉዳት ተጠያቂ መሆኑን ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተናግረዋል፤ አቡ ዳውድ፣ ነሳኢና ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። ዕውቀታችሁን አጥብቃችሁ ያዙ፤ በዶርም ውስጥ በግምት መድኃኒት አታዙ። በሽተኛ እውነቱን ሲነግራችሁም እንደዚያች ዶክተር ሁኑ። ተቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ የአጎቴን ልጅ አልደውልለትም ነበር።

አራተኛ፣ እኔን መሰል የኢንጂነሪንግና የኮምፒውተር ተማሪዎች፦ ነገ የሆስፒታል መዝገብ የምንሠራው እኛ ልንሆን እንችላለን። እያንዳንዱ መስመር የሰው ሕይወት መሆኑን እያሰብን እንሥራ። ተመርቀን ደመወዝተኛ ስንሆን ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 690/2002 የተደነገገው፣ ለብዙ ዓመት ሥራ ላይ ሳይውል የቆየው የማህበራዊ ጤና መድህን ለእኛ የታሰበ ነው። ከደመወዛችን ሲቆረጥ ስናማርር፣ ለማን እንደሚደርስ እናስታውስ።

አምስተኛ፣ ለጀማዓችን አንድ ሐሳብ አለኝ። በግቢያችን አካባቢ መዋጮ ያቃታቸው ቤተሰቦች አሉ፤ የጥበቃዎች፣ የጽዳት ሠራተኞች፣ ደጃችን ቡና የሚያፈሉ እናቶች። የዕድሳት ወቅት ሲደርስ ከሶደቃችን የአንድ የአንድ ቤተሰብ መዋጮ ብንከፍል ከብዙ ጭንቀት እናድናቸዋለን። ከዘካ መክፈል ይቻል እንደሆነ ግን ኡስታዞቻችንን ጠይቀን ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱል ማኢዳህ በበጎ ሥራና በተቅዋ እንድንተጋገዝ፣ በሱረቱ ኒሳእም አማናን ለባለቤቱ እንድንመልስ አዞናል። ያ አላህ፣ ሕሙማኖቻችንን አሽርልን፣ የሚያክሙንን አግዛቸው፣ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከፊትህ ከመቆም ጠብቀን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።